የኢላይጃ ክብሪት

ዳይና የዝይ ላባ ስትነጭ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። ምራቷ ታሊያ ምግብ ሊቀርብ ሲል ሹልክ ብላ ከድንኳኑ እንደምትወጣም ልብ ብላለች።

«ደግሞ ሄድሽ? ጫካውን አጠጥተሽ ጨረስሽው እኮ!»

«የልጅ ልጅዎ ፊኛዬ ላይ ተቀምጦ ነው እማማ። እሱን ይቆጡት!»

ዳይና ሳቀች። ልጇ ክሊፍ ወደ ባሕሩ ዳር ዝይ ሊያድን ሄዷል። በየጸደዩ በረዶው ሳይቀልጥ ዝዮቹ ሲመጡ እንደሚያደርጉት፣ ለአደን መንደሩን ትተው እዚህ ከሰፈሩ ሳምንት ሊሆናቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳይና ማገዶ ልታነሳ ወጣች። ከክምሩ ሥር በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አገኘችና ፈታችው። እስክሪብቶ የመሰለ መርፌ ነው፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት በረዶ ሆኗል።

ታውቀዋለች። ባሏ ኢላይጃም እንዲህ ያለ ነበረው። መርፌውን በጀመረ በዓመቱ እግሩን ቆረጡት፤ ብዙም ሳይቆይ ቀበረችው። ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት ስለ መርፌ የሚያነሳ የለም።

ይዛው ገባች። «ይሄ ምንድን ነው?»

ታሊያ ደነገጠች። «ኢንሱሊን ነው። በእርግዝናው ምክንያት ስኳሬ ከፍ ብሏል፤ ቂጣና ጣፋጭ ብቀንስም አልወርድ አለ።»

«ታዲያ ምን ያስደብቅሻል?»

«መርፌ ሲያዩ እንደሚታመሙ ክሊፍ ነግሮኛል።» ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። «ወይኔ! በረዶ የመታው አይሠራም እኮ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም ከቀዘቀዘ ወደ መንደር መመለሴ ነው።»

«ተመለሽ፤ ግን መርፌውን ተይው። ኢላይጃን የበላው እሱ ነው።»

«እሳቸውን የጎዳቸው ስኳሩ ነው እማማ። መርፌው ዘግይቶ ነው የደረሰላቸው።» ታሊያ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ስኳሬ ካልወረደ ልጁም ይጎዳል። እኔ መዘግየት አልፈልግም።»

ዳይና ወደ ምድጃው ዞረች። ከምድጃው አጠገብ በገመድ የተንጠለጠለው ዝይ እየዞረ ስቡን ያንጠባጥባል። «የዝይ ወቅት ይለፍና መርፌውን እጀምራለሁ» ይል ነበር ኢላይጃ። ወቅቱ ያልፋል፤ ከዚያ ደግሞ በመኸር የሚመለሰውን ዝይ ይጠብቃል። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳለ እሷ ታውቃለች። መርፌውን ስታስታውስ ኖራ ይህን ግን አንስታው አታውቅም።

እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ ከሹራቧ ሥር የአጋዘን ቆዳ ከረጢት አወጣች። ኢላይጃ ክብሪቱ እንዳይረጥብበት አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው የነበረ ነው። ከሞተ ጀምሮ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ክብሪቶቹን ጭኗ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«እስቲ ያንን ደህናውን መርፌ አምጪ።»

«እማማ፣ ይሄማ የእሳቸው...»

«አምጪ አልኩሽ፤ ዝዩ እያረረ ነው።»

መርፌውን ከረጢቱ ውስጥ አስገብታ በታሊያ አንገት አጠለቀችላት፤ ሙቀት እንዲያገኝ በሸሚዟና በሹራቧ መካከል አደረገችው።

«ከመብላትሽ በፊት ነው የምትወጊው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እዚሁ ተወጊ። ጫካው ይረፍ።»

ታሊያ እየሳቀች ሸሚዟን ገለጥ አደረገች። ዳይና ፊቷን አላዞረችም። መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አየች። ከዚያ ከጭኗ ላይ አንድ ክብሪት አንስታ ጫረች፤ ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ወዲያው ተቀጣጠለ። ከምድጃው ጎን ለሻይ የሚሆን ሌላ ትንሽ እሳት አያያዘችና ከዝዩ ትልቁን ቁራጭ፣ ከቂጣው ትንሹን ለምራቷ ቆረጠችላት።