ወር የሚቆይ ሹሩባ

የዮሃና ፀጉር ማበጠሪያ ይበላ ነበር። ፕላስቲኩን ጥርስ በጥርስ፣ የእንጨቱን ሚዶ ደግሞ ከነእጀታው። እናቷ አበባይሽ እንደምትምለው ከሆነማ፣ ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ የቀረ አንድ ሚዶ ሁለት ሳምንት ተፈልጎ ተፈልጎ፣ ልጅቱ የዋና ትምህርት ስትገባ መዋኛው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ተገኝቷል። ከአበባይሽ አፍ የሚወጣው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ግን ትምህርት ቤት ባልተጠራች ነበር።

በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ አበባይሽ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ፣ ከሄግ ከተማ ላክ ሰፈር በባቡር ተሳፍራ፣ ሮተርዳም ዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ እትዬ ውድነሽ ቤት ትሄዳለች። እትዬ ውድነሽ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከአምስተርዳም ሳይቀር እናቶች ሴት ልጆቻቸውን እየጎተቱ የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እሳቸው ጉልበት መሃል እኩል ቁጭ ይላል። የሠሩት ሹሩባ ወር ይቆያል፤ የባሕሩ ነፋስ ቤት ሲያፈርስ የውድነሽን ጉንጉን አይነካም ይባላል። የሚቆየው ደግሞ ስለሚጠብቅ ነው። ልጆቹ ከዚያ ቤት ሲወጡ ቅንድባቸው ወደ ላይ ተስቦ፣ አንዳች ነገር እንዳስደነገጣቸው ሁሉ፣ ሦስት ቀን ዐይናቸውን ሳይከድኑ ይተኛሉ።

የአበባይሽ ድርሻ ከፊት ተቀምጣ የልጇን እጆች ግጥም አድርጋ መያዝና ተረት ማውራት ነበር።

"አክስቴ ልጅ ሳለች ፀጉሯ ሲሠራ አልቀመጥ አለች። ከወንበር ጋር በገመድ አሰሯት። ሦስት ቀን ሙሉ አበጠሯት። በሦስተኛው ቀን ከፀጉሯ ውስጥ የጠፋች ዶሮ ከነጫጩቶቿ ወጣች።"

"ስንት ጫጩት?"

"ዘጠኝ። አንዱ አንካሳ ነበር።"

ዮሃና ትስቃለች። ስትስቅ አታለቅስም። እትዬ ውድነሽ ይጎትታሉ።

ዮሃና ደግሞ የእናቷ ልጅ ናት። ሰኞ ትምህርት ቤት ታሪኩን ስታወራ አክስቲቱን አወጣችና ራሷን አስገባች። ሥዕል ሣለችበት፤ ወንበር፣ ገመድ፣ ገመዱ ውስጥ ልጅ። ለዶሮዋ ወረቀቱ አልበቃም።

መምህርቷ፣ ልጆቹ ዩፍ ማሪት የሚሏት፣ ሥዕሉን አየች። ቀጥሎ የልጅቱን ግንባር አየች። ፀጉሯ ከግንባሯ የሚነሣበት መስመር ላይ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ሩዝ ሩዝ የሚያህሉ ጫፋቸው የነጣ እብጠቶች ተደርድረው ነበር።

ማክሰኞ ለአበባይሽ መልእክት መጣ። "ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስለ ዮሃና ደኅንነት እንነጋገር። የትምህርት ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛም ትገኛለች።"

አበባይሽ "ደኅንነት" የምትለዋን የደች ቃል በስልኳ አሥራ አንድ ጊዜ አስተረጎመቻት። አሥራ አንዴም ያው ናት። ባሏ አሳምነው ከነጭነት መኪናው ፖላንድ ነበር፤ "እኔ እስክመጣ ምንም እንዳትፈርሚ" አለና ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። ለብቻዋ ሆና ያቺ ሁሉም የሚያወራላት፣ ስሟን ግን ማንም የማያውቀው የአምስተርዳም እናት ትዝ አለቻት፤ ልጆቿን መንግሥት የወሰደባት። አበባይሽ ራሷ ወሬውን አንድ ጊዜ ስታስተላልፍ ሁለት የነበሩትን ልጆች አራት አድርጋቸዋለች። አሁን አራቱም መጥተው ደረቷ ላይ ተቀመጡ።

ዮሃና ስለ ገመዱ ሥዕልና መምህርቷ ግንባሯን ስለማየቷ የነገረቻትን ይዛ እትዬ ውድነሽ ዘንድ ደወለች።

"ምንም እንዳታምኚ!" አሉ። "ገመድ? የምን ገመድ! ግንባሯ? ትንኝ ነው።"

"እትዬ፣ በየካቲት ትንኝ የት አለ?"

"የላክ ትንኝ በረዶ ላይ ይንሸራተታል በያቸው! ቆይ፣ አንቺ አፍሽ ይንቀጠቀጣል። እኔው ራሴ እመጣለሁ።"

ሐሙስ ዕለት አበባይሽ፣ እትዬ ውድነሽና ዩፍ ማሪት የሕፃናት ክፍል ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ተቀመጡ። ዮሃና ወዲያው ሄዳ ጥግ ላይ ብሎክ መደርደር ጀመረች። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ገባች። የሱሪናም ተወላጅ ናት፣ ጥቁር፣ ራሷን በቢጫ ሻሽ ያሰረች፤ ስሟ ሼርሊን። አበባይሽ ተመስገን አለች። የፀጉርን ነገር ለዚህች ሴት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሼርሊን ግን ፈገግ አላለችም። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ይህ ምንድን ነው?"

የአበባይሽ ደች የሮተርዳም ወደብ መጋዘን ደች ነው፤ ካርቶን፣ ቶሎ፣ ዕረፍት። ከዚያው ከካርቶኑ መካከል እየፈለገች አወጣችው። "ተረት ነው። አክስቴን ነው ያሰሯት።"

"አክስትዎን አሰሯት?"

"አይ፣ አክስት የለኝም።"

"የለዎትም?"

"አንድም። ዶሮም አልነበረም።"

ሼርሊን ጻፈች። "ስለዚህ ለልጅዎ ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርገው ይነግሯታል።"

"አዎ።"

"ለእኛስ አሁን?"

አበባይሽ በመልስ ፈንታ ውሃ ጠየቀች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዩፍ ማሪት ቀዳችላት።

"ግንባሯ ላይ ያለውስ?" አለች ሼርሊን።

"ሙኽ!" አሉ እትዬ ውድነሽ፣ ትንኝ ማለታቸው ነው፤ በጣታቸው የራሳቸውን ግንባር ወጋ ወጋ እያደረጉ። "ትልቅ ሙኽ! በጣም ትልቅ!"

ሁሉም አበባይሽን አዩ። ራሷን አንዴ በአዎንታ ነቅነቅ ብታደርግ ይበቃ ነበር። እኒህ ሴት እሷ ከስደተኞች ካምፕ ወጥታ ስትወልድ ገንፎ ያገነፉላት፣ ያጠቧት፣ ዮሃናን ለክርስትና ያቀፏት ናቸው። ትልቅ ሰው ያለውን ደግሞ ባዕድ ፊት ውሸት ነው አይባልም፤ ብታምንበትም ባታምንበትም ነቅነቅ ነው። አንገቷ ግን እንቢ አለ።

ሼርሊን ብዕሯን አስቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ከሁለቱ ጆሮዎቿ በላይ፣ ፀጉር መኖር ከነበረበት ቦታ፣ እንደ እጅ መዳፍ የለሰለሰ ባዶ ቆዳ ነበር።

"እናቴ ጎበዝ ሠሪ ነበረች" አለች። "ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግናት ነበር። መጀመሪያ እንደ ልጅዎ እብጠት ወጣብኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ ከዚህ እስከዚህ ረገፈ። ከዚያ ወዲያ አልበቀለም።" ሻሿን ረጋ ብላ መልሳ አሰረች። ብዕሯን አነሣች። "ስለ ትንኟ ልጻፍ?"

"አይጻፉ" አለች አበባይሽ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "ትንኝ አይደለም። ሹሩባው ጠብቆ ነው። ገመድ የለም፤ እጇን የምይዛት ግን እኔ ነኝ። እንዳታለቅስ ነው ተረት የማወራላት።"

"ማነው የሠራት?"

እትዬ ውድነሽ ቃሉን ባይሰሙም ጥያቄውን አወቁት። ዐይናቸውን አበባይሽ ላይ ተከሉ። አበባይሽ ወለሉን አየች።

"ኦማ ውድነሽ ናት" አለች ዮሃና ከጥግ፣ ቀና ሳትል፣ በጠራ ደች፤ ኦማ አያት ማለቷ ነው። "ያማል። ግን ካለቀስኩ እማ ታሪኩን ታቆማለች።"

አበባይሽ የልጇን ማጅራት አየች። ሳቋ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ልጅቱ ለተረቱ የምትከፍለው ዋጋ ነበር።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ውድነሽ። አበባይሽ ተረጎመችላቸው። አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። እንዲህ ስትተረጉም የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ሼርሊን የምትጽፈውን ጨርሳ ደብተሯን ገጠመች። "ጉዳዩን ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አላስተላልፈውም። ሹሩባው ዛሬውኑ ይፈታ፤ ግንባሯን የቤተሰብ ሐኪማችሁ ይይላት። ሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ አያታለሁ። እንዲሁ ሆና ከመጣች ግን አስተላልፋለሁ።"

ውጪ ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል። እትዬ ውድነሽ ወደ ትራም ማቆሚያው ቀደሙ። ከኋላቸው አበባይሽ እሑድን እያሰበች ነበር። አፋቸውን ከከፈቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ሦስቱንም ከተማ ይዞራል፤ ልጇን ይዛ የምትገባበት ቤትም አይኖርም።

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በይ።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ነይ እስቲ አንቺ" ብለው ዮሃናን ጎተት አደረጓትና እንደ ልማዳቸው ጀርባዋን ወደ እሳቸው አዙረው ጉልበታቸው መሃል አስገቧት። እጃቸው ገና ፀጉሯ ጋ ሳይደርስ፣ ልጅቱ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ በሁለት እጇ ራሷን ሸፈነች።

የእትዬ ውድነሽ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች?"

"እጇን የምይዛት ለዚህ ነው እትዬ" አለች አበባይሽ። "እርስዎ ከኋላ ስለሆኑ አያዩም።"

ትራም መጣ። በሩ ተከፈተ፣ ጠበቀ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። አሮጊቷ ባዶ እጃቸውን ገልብጠው እያዩ ቆዩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠሩ ያዩት የሰው ማጅራት ብቻ ነው።

"አንቺ ከኋላ ሁኚ" አሏት አበባይሽን በመጨረሻ። ተነሡ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ዞረው፣ ነፋሱን በጀርባቸው ከልለው ከልጅቱ ፊት አጎንብሰው ቆሙ። ፀጉሯ ሲነካ ፊቷን ሲያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "ፍቺ።"

አበባይሽ ጓንቷን አውልቃ የመጀመሪያውን ጉንጉን ጫፍ ያዘች። ጣቷ ደንዝዟል፤ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ነው። እትዬ ውድነሽ ይቅር ይበሏት አይበሏት ፊታቸው ልጅቱ ላይ ስለተደፋ ማወቅ አልቻለችም።

"ያማል?" አሉ እትዬ ውድነሽ።

"ኔ" አለች ዮሃና በደች፣ አይ ማለቷ ነው።

"አሁንስ?"

"ትንሽ። አንቺ ግን ለምንድነው እንዲህ የምታይኝ?"

ሌላ ትራም መጥቶ ሄደ። ገና ሠላሳ አንድ ጉንጉን ይቀራል። ልጅቱ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፤ አሮጊቷ አዩዋት።

"አበባይሽ!" ብለው ጮኹ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር። "ቀስ በይ! ልጅቷን አመማት እኮ!"