ይሰናበቱ

ማስተዋል ገንዳ ውሃ ከተማ የመጣችው ትልልቅ ሰዎችን ስልክ ልታስተምር ነው። መደወሉንማ ማን ያጣዋል! ጎንደር ያለ አንድ የሰሊጥ ድርጅት፣ በየቆላው የተበተኑት የመጋዘን ኃላፊዎቹ በስልክ ሲጯጯሁ የሽንፋው መኪና መተማ እየሄደ፣ የመተማው ሽንፋ እየቆመ ቢያስቸግረው የጋራ መሥሪያ ሶፍትዌር ገዛ። ሁሉም አንድ ግሩፕ ውስጥ ይገባል። መኪና ተነሣ፣ ዝናብ መጣ፣ ጆንያ አለቀ፤ ያየ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ግን በሬ ገዝቶ ያልጠመደ አያርስምና የሚያለማምዳቸው ሰው ተፈለገ፤ እሷ ተላከች።

እናቷ በሞተች በመንፈቁ ነበር። ወንድሞቿ የእናታቸውን ቤት አከራይተውታል፤ ተመልሳ የምትገባበት ደጅ የላትም። አለቃዋ እንዳልካቸው ሲሸኛት "አጨዳው እስኪያልቅ ግሩፑ ሰው ካልያዘ ወደ መደወላችን እንመለሳለን፤ ያንቺም ቦታ ይዘጋል" አላት፣ እየሳቀ። እየሳቀ የሚናገር አለቃን ነው መፍራት።

ሶፍትዌሩ ፈረንጅኛ ነበር። ኃላፊዎቹ ደግሞ ሰሊጥን በመዳፋቸው አሽተው ስንት ደረጃ እንደሆነ የሚናገሩ፣ ፈረንጅኛ ግን ያልደረሰባቸው ናቸው። ማስተዋል በዚያ ሙቀት፣ ንፋስ ሳይሆን ትንፋሽ በሚሰጥ ቬንቲሌተር ሥር ተቀምጣ እያንዳንዷን ቁልፍ ወደ አማርኛ መለሰች። አንዷ ብቻ አስቸገረቻት፤ ከግሩፑ ጨርሶ መውጫዋ። "ውጣ" ልትል አሰበችና ደነገጠች። ውጣ የሚባለው ውሻ ነው። "ይውጡ" ብትልስ? ያው ማባረር ነው፤ እርስዎ መባሉ መባረሩን አይሽረው! ሽማግሌ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ ምን ያደርጋል? ይሰናበታል። "ይሰናበቱ" ብላ ጻፈች። ኮራችም። ጉድ ያመጣባት ይኸው ጨዋነቷ ነው።

ግሩፑ በተከፈተ ቀን ሁሉም ገባ፤ ገብቶም ሰላምታ ያዘ። እንዴት አደራችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ አጨዳው እንዴት ይዟችኋል፤ የአበባና የእርግብ ሥዕል በየመሀሉ። የመኪናው ወሬ ከዚያ ሁሉ ሰላምታ ሥር ተቀበረ፤ ያየውም የለ። ማስተዋል ተበሳጨችና ደንብ አወጣች፤ "እባካችሁ በግሩፑ ሰላምታ አይጻፍ፤ ሥራ ብቻ።" የመተማ ዮሐንስ መጋዘን ኃላፊዋ ሪሐና በዐረብኛው "ተማም" አለች። ሌሎቹም እሺ አሉ። ቆለኛ እሺ ካለ እሺ ነው።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ግን ስልኳ ጮኸ። "ባየልኝ ተሰናብተዋል" ይላል። ባየልኝ የሽንፋ መጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ ከሁሉም ታላቅ። ጥቂት ቆይቶ "ሪሐና ተሰናብታለች" አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጎንደር ካለው እንዳልካቸው በቀር ግሩፑ ውስጥ የቀረችው ማስተዋል ብቻ ነበረች።

ጠዋት መልሳ አስገባቻቸው። ገቡ፣ ደህና አድርገውም ዋሉ። ማታ እንደገና ወጡ። በማግስቱም እንዲሁ። ለምን አትጠይቃቸውም? ትሉ ይሆናል። መልሱን የፈራ ሰው ይጠይቃል እንዴ! ጠሉኝ፣ ትንሽ ልጅ መጥታ ሰላምታ ከለከለችን ብለው ጠሉኝ ብላ ደምድማለች። ከተማው በአጨዳ ተጠምዷል፤ የተከራየችበት ግቢ ባለቤት እንኳ እርሻ ወርደዋል። ከሥራ በኋላ የሚያናግራት ቢኖር "ምን ልታዘዝ?" የሚለው የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው። ሽሮዋን በልታ ትመጣና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትይዛለች። እገሌ ተሰናብቷል፣ እገሊት ተሰናብታለች። በየስሙ እንባዋን ትጠርጋለች።

አንድ ጠዋት እንዳልካቸው ደወለ። "አንቺ፣ በየማታው የምታሰናብቺው ማንን ነው? ሪፖርቱን ሳየው ሠራተኛ ጨርሰሽብኛል እኮ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። "ትናንት ማታ ለሽንፋ መኪና ልከናል ብዬ ጻፍኩ፤ አንቺም ተኝተሻል መሰል፣ የሰማኝ የለም። ሾፌሩ መጋዘኑን ተቆልፎ አግኝቶት በረንዳ ላይ አደረ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አይቼ እዘጋዋለሁ።"

ከዚህ በኋላማ መፍራቱም አላዋጣትም። ሚኒባስ ይዛ ሽንፋ ወረደች። ጋሽ ባየልኝን ከመጋዘኑ ዳስ ሥር፣ የጆንያ ክምር ተደግፈው አገኘቻቸው። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ ጥያቄዋን አወጣችው።

"ጋሽ ባየልኝ፣ ምን በድያችሁ ነው ማታ ማታ ጥላችሁኝ የምትሄዱት?"

"ማ? እኛ?" አሉ፣ ቀና ብለው። "መቼ ጥለንሽ ሄድን! ተሰናብተን አይደለም እንዴ የምንሄደው?"

"እኮ! ለምን ትሰናበታላችሁ?"

"ኧረ በሥላሴ!" አሉ ሽማግሌው። "ሰው ተሰብስቦ ተቀምጦ እኔ ዝም ብዬ ብድግ ልበል? ያሳደገን የለም መሰለሽ? ሰላምታ አትጻፉ አልሽ፣ ቅር እያለን ተውን። ስልኩ ደግሞ 'ይሰናበቱ' ይላል። እሰይ፣ ይቺንስ አልከለከለችንም ብለን ደስ አለን። ሪሐናማ እኔ ሳልቀድም አትሰናበትም፤ ታላቅ አለ ትላለች።"

ማስተዋል ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ እንባው ግን ሳቁ ካለቀም በኋላ አልቆመም። ጋሽ ባየልኝ ደንግጠው ውሃ አስመጡላት። ቁልፏ ምን እንደምትሠራ ስታስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ታዲያ እኛ ምን አጠፋን ልጄ? አንቺ ጻፍሽ፣ እኛ ታዘዝን።"

ገንዳ ውሃ ስትመለስ ቁልፏን ከዓይን ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰደቻትና "ከግሩፑ እስከ መጨረሻው መውጫ" አለቻት። ያን ማታ አንድም ሰው አልወጣም። እንዳልካቸው የመኪና መልእክት ቢጽፍ ከሁሉም መጋዘን መልስ መጣለት። "ጎበዝ! ቦታሽ የትም አይሄድም" ብሎ ለብቻዋ ጻፈላት።

ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ አላት። ከዚያ ሽሮዋን በልታ ክፍሏ ገባችና እንደ ልማዷ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ስሞቹ ሁሉ እንደተደረደሩ ናቸው። ስልኩ ግን ጭጭ አለ። ለካ እነዚያ ሰዎች በየማታው፣ በየተራ፣ ደህና እደሪ ሲሏት ነበር የሰነበቱት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ደህና እደሪ ያላት ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ጥለውኝ ሄዱ ብላ ስታለቅስበት ከርማ፣ ዛሬ በገዛ እጇ ዘጋችው። "ደህና እደሩ" ብላ መጻፍ ጀመረች። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ አንድ ሰላምታ ከገባ ያ ጎርፍ ተመልሶ መኪናውን ሊውጠው ነው። አጠፋችው።

ይሄኔ ስልኳ ጠራ። ጋሽ ባየልኝ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ያቺን መሰናበቻ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። የት አደረስሻት?"

"አነሣኋት እኮ ጋሼ። ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ሲጨርሱ ዝም ብለው ስልኩን ማስቀመጥ ነው።"

"ዝም ብዬ?"

"አዎ። ዝም ብለው።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ እሺ። በይ ደህና እደሪ ልጄ።"

"ደህና ይደሩ ጋሼ" አለች። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮዋ ሳታነሣው ቆየች።

በማግስቱ ማታ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ጠበቀች። አልደወሉም። ጋሽ ባየልኝ አንዴ የተነገራቸውን የሚይዙ ሰው ናቸው።