ነነዌን ማን አጠፋት?

አልጣሽ ያርጋል የዳባት ልጅ ናት። ጎንደር ተምራ በመምህርነት ስትመረቅ ደባርቅ ተመደበች፤ ታሪክ ማስተማር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በ1979 ዓ.ም. ጥር ሊያልቅ ሲል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿን የጥንት ሕዝቦችን ታሪክ እያስተማረች አሦር ላይ ደረሰች።

ይህን ምዕራፍ ትወደው ነበር። በጤግሮስ ወንዝ ዳር ከአንዲት ትንሽ ከተማ ተነሥተው ግብፅ ድረስ የገዙ ነገሥታት፣ የብረት ሰይፍና ግንብ የሚንድ መሣሪያ የያዘ ሠራዊት፣ በእርጥብ ሸክላ ላይ ተጽፎ የደረቀ ጽሑፍ የሞላበት የንጉሥ ቤተ መጻሕፍት። ነገሥታቱ የያዙትን አገር ሕዝብ ከቀዬው እየነቀሉ ሩቅ ወስደው ያሰፍሩት እንደነበር ስትናገር ይጽፉ የነበሩት ብዕራቸውን አቆሙ። ከተማሪዎቹ መካከል ወንድም ወይም አጎት ለሰፈራ ወደ መተከል የተወሰደባቸው ነበሩ። አልጣሽ የተናገረችው ነገር ክብደቱ የተሰማት ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። ቶሎ ብላ ወደ መጨረሻው አለፈች። ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ተባብረው ዋና ከተማዋን ነነዌን አቃጠሏት፤ የአሦር መንግሥትም በዚያው ጠፋ አለች።

ዋሴ እጁን አወጣ። ዋሴ ሚሊሺያ ሆኖ ኤርትራ ዘምቶ፣ እግሩን ቆስሎ ከተመለሰ በኋላ ያቋረጠውን ትምህርት የቀጠለ ጎልማሳ ነው። በዕድሜ ከእሷ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ።

«ቲቸር፣ ነነዌ ጾማ ጸልያ ከጥፋት ዳነች ሲባል ነው የምናውቀው። የፊታችን ሰኞ የምንጾመውም ይህንኑ ብለን ነው። አሁን ደግሞ ተቃጠለች ይሉናል። የዳነችው ናት የተቃጠለችው ወይስ ሌላ ነነዌ አለች?»

አልጣሽ ነነዌን በየዓመቱ ሦስት ቀን ስትጾማት ኖራለች፤ በየዓመቱም ስታስተምራት። የቤተ ክርስቲያኗ ነነዌና የታሪክ መጽሐፉ ነነዌ አንዲት ከተማ መሆናቸው ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልታሰባትም። እንደማታውቅ፣ ጠይቃም እንደምትነግራቸው ለተማሪዎቹ ተናግራ ወጣች።

ቅዳሜና እሑድ ሐሳቡ አልለቀቃትም። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል ስትገባ ሚስተር ኩሪያንን ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ሚስተር ኩሪያን ከደቡብ ህንድ በኮንትራት የመጣ የሒሳብ መምህር ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የደባርቅን ብርድ ለመቋቋም ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚለብስ ሰው ነበር። በዕረፍት ሰዓት ወተት የበዛበት ሻይ ሳይጠጣ ውሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከፊት ለፊቱ የሻይ ብርጭቆ አልነበረም። አሞህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አይደለም፣ ጾም ላይ ነኝ አላት። የከተማውን ሰው አክብሮ የጾመ መሰላትና አመሰገነችው። እሱ ግን ግራ ገብቶት አያት።

የራሱ ጾም ነበር። ነነዌን ነበር የሚጾመው። እናቱም በዚያች ሰዓት አገር ቤት እየጾመች እንደሆነ ነገራት።

አልጣሽ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ጥያቄ በጥያቄ ላይ አከታተለችበት። በእሱ አገር የሶርያ ክርስቲያኖች የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ እሱም ከእነሱ ወገን ነው። መልካቸው ህንድ፣ ቋንቋቸው ህንድ ነው፤ ጸሎታቸው ግን ከብዙ ዘመን በፊት ቁንዶ በርበሬ ከሚገዙ ነጋዴዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ የጤግሮስ ወንዝ ካለበት ከሁለቱ ወንዞች አገር የመጣ ነው። በዚያ አገር አንድ ጊዜ ክፉ ተስቦ ገብቶ ሕዝቡ ሲያልቅ፣ የነነዌ ሰዎች እንዳደረጉት እናድርግ ብለው ሦስት ቀን እንደጾሙ፣ ጾሙም ከዚያ ወዲህ ሳይቋረጥ እንደቆየ አጎቱ ነግረውታል። አጎቱ ቄስ ነበሩ። እሱም በልጅነቱ በቅዳሴ ያገለግላቸው ነበር። ሌላ ጊዜ የእሱ ጾም ከደባርቅ ሰው ጾም ጋር ስለማይገጥም ማንም አላወቀበትም። ዘንድሮ ፋሲካቸው በአንድ ቀን ስለሚውል ጾሙም አብሮ ገጠመ።

ማክሰኞ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ይዛው ወደ የኔታ ወልደ ገብርኤል ሄደች። የኔታ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ አባቷንም ያስተማሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከስሜን ተራሮች የሚመጣውን ነፋስ በጋቢያቸው ተከልለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልጣሽ እጅ ነሥታ የመጣችበትን ነገረቻቸው። የኔታ እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ህንድ ለላም ይሰግዳል ሲባል እንጂ ነነዌን ይጾማል ሲባል ሰምተው አያውቁም። አልጣሽን አምነው እንጂ ሊሰሙትም አልፈለጉም ነበር። ቆይተው፣ በምን ቋንቋ እንደሚጸልይ ጠይቂልኝ አሏት።

በሱርስት፣ በጥንቱ የሶርያ ልሳን ነው አላቸው በአልጣሽ አስተርጓሚነት። የኔታ አገጫቸውን ያዙ። ሱርስት የሚባል ልሳን እንዳለ ከመጻሕፍት ያውቃሉ፤ የሚናገረው ሰው ግን አጋጥሟቸው አያውቅም።

«እስቲ ሰማይን ምን ይሉታል?»

«ሽማዮ» አለ ሚስተር ኩሪያን።

«ስምን?»

«ሽሞ።»

«ቤትንስ?»

«ባይቶ።»

«ዓይን?»

«ዓይኖ።»

የኔታ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቃሎቹን ከግእዙ ጋር እያስተያዩ እንደሆነ አልጣሽ ገባት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አሉና ለእንግዳው ቦታ ለቀቁለት።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት በአማርኛ። ይህን ያለ አስተርጓሚ ሰማ።

አልጣሽ የዋሴን ጥያቄ ያነሣችው ያን ጊዜ ነው። የኔታ ጥያቄው ከተማሪ የመጣ መሆኑን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ወደ ነነዌ ነቢይ የተላከው አንድ ብቻ እንዳይመስልሽ አሏት። የመጀመሪያው ዮናስ ነው፤ ሰምተውት ዳኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ ናሆም መጣ፤ እሱ የተናገረው ጥፋቷን ነው። በሁለቱ መካከል ማቅ የለበሱት ሰዎች አርጅተው ሞተዋል። ልጆቻቸው ዳግመኛ በሰው ደም መገንባት ያዙ።

«የዳነችውም የጠፋችውም አንዲት ናት» አሉ የኔታ። «ምሕረቱ ለሰዎቹ ነበር። ግንቡን ማን ማረው?»

አልጣሽ በዚህ ብቻ አልረካችም። አሦራውያን ከጠፉ፣ ሸክላ ላይ የጻፉበትም ቋንቋ ከሞተ፣ ሚስተር ኩሪያን የሚጸልይበት ልሳን የማን ነው ብላ ጠየቀች። ይህን የመለሰው እሱ ራሱ ነው። የአሦር ነገሥታት ካፈለሷቸው ሕዝቦች መካከል አራማውያን ብዙ ነበሩ። በምርኮ በመጡበት አገር ነገዱ፣ እጅ ሥራ ሠሩ፣ በቤተ መንግሥቱም ጸሐፊ ሆኑ። ሸክላ ከመጫር ይልቅ በብራና በእነሱ ፊደል መጻፍ ይቀል ነበር። እየዋለ እያደረ የንጉሡ ሰዎች ራሳቸው በምርኮኞቹ ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ሱርስት የዚያ ቋንቋ ልጅ ነው። በሁለቱ ወንዞች አገር ዛሬም ራሳቸውን አሦራውያን ብለው የሚጠሩ ክርስቲያኖች አሉ፤ የሚናገሩትም ይህንኑ ነው።

አልጣሽ ስትተረጉምላቸው የኔታ ሳቅ አሉ።

«እንግዲያ የተማረከው ማራኪውን ማረከው በያ» አሉ።

ሚስተር ኩሪያን የሚኖረው ሐጂ አብዱልቃድር የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ነው። ሲመለሱ ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አቡጀዲ ሲጠቀልሉ አገኟቸው። ከየት እንደመጡ ጠየቁና አልጣሽ ነገረቻቸው። ሐጂ ጨርቁን አስቀመጡት። በንጉሡ ዘመን ለሐጅ መካ ሄደው ሳለ ከሞሱል የመጣ አንድ ሰው ጎረቤታቸው ሆኖ ነበር። ያ ሰው፣ በእኛ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ ጉብታ አለ፤ ከላዩ የነቢዩ ዩኑስ መስጊድ፣ ከሥሩ የድሮ ግንብ አለ፤ ነነዌ ማለት እሷ ናት ብሏቸዋል። ዩኑስ ማለት ዮናስ ነው።

አልጣሽ ሌላስ ምን አለ፣ ግንቡ ምን ይመስላል፣ በግ ይሰማራበታል ወይ፣ ሰው ይቆፍረዋል ወይ ስትል ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። እሳቸው የጠየቁት ሞሱል ውስጥ የሐር ጨርቅ ስንት እንደሚሸጥ ነበር። እንዲህ የምትጠይቅ ሰው እንደምትመጣ ባውቅ ኖሮ ሌላውን እጠይቅልሽ ነበር አሏት።

ሐሙስ ለዘጠነኛ ክፍል ያገኘችውን ሁሉ ነገረች። ስለ ከተማዋ፣ ስለ ጉብታው፣ ምርኮኞቹ ቋንቋቸውን ለገዢዎቻቸው እንዳስለመዱ። የዕረፍት ደወል ተደውሎ ማንም አልተነሣም። ዋሴ ቆሞ አመሰገናትና፣ በእሱ ቤት ይህን ጥያቄ አንሥቶ አባቱ እንደተቆጡት ተናገረ፤ ክፍሉ ሳቀ።

አርብ ጠዋት ጓድ ክንዴ አስጠራት። ክንዴ የትምህርት ቤቱ የኢሠፓ ተጠሪ ነው። አልጣሽ ቢሮው ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክንዴ ቀና ሳይል፣ ስለ ሰፈራ በክፍል ውስጥ ተናግረሻል የሚል ነገር እንደደረሰው፣ በዚያ ላይ ሃይማኖት ሰብከሻል እንደተባለ ነገራት። እሷም ስለ አሦር ነገሥታት እንጂ ስለ ሌላ አለመናገሯን፣ የተማሪ ጥያቄ መመለሷን አስረዳች። እሱ ይህን እንደሚያውቅ፣ የሰሙት ግን ሁሉም እንደዚያ እንዳልሰሙት ተናገረ። ለቀረው የትምህርት ዘመን ታሪኩን ትታ ጂኦግራፊ እንድታስተምር ወስኗል። ነገሩም ከዚህ ቢሮ አልፎ ወደ አውራጃ እንደማይሄድ አስረዳት።

አልጣሽ ልትወጣ ተነሣች። ታሪክ መነጠቋ ቢያንገበግባትም ከዚህ የባሰ ፈርታ ነበር።

«አንዴ ቆይ» አለ ክንዴ። ተነሥቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «የኔታ ስለ ናሆም ምን አሉ?»

አልጣሽ ልታምነው አልቻለችም። ሊያጠምዳት ይሆናል ብላ የሆነውን ብቻ ባጭሩ ነገረችው። ክንዴ እያዳመጠ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ስሜን ተወልዶ፣ አብዮቱ እስኪመጣ ድረስ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዜማ ሲማር እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቀችው። ከትምህርቱ ሲወጣ አንድ ነገር ሳይገባው ቀርቷል። ከተማዋ ስትድን ነቢዩ ለምን ተቆጣ? ሊያስተምር መጥቶ፣ ሰምተውት ሲድኑ ደስ ሊለው አይገባም ነበር?

«ሄደህ ለምን አትጠይቃቸውም?» አለችው።

«እኔ እዚያ ግቢ መግባት አልችልም። አንቺ ጠይቂልኝ። የማን ጥያቄ እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ስታመነታ ቆየች። በመጨረሻ ያስወሰናት ፍርሃቷ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ነው፤ እሷም መልሱን ማወቅ ፈለገች። እሑድ ከሰዓት በኋላ የኔታ ዘንድ ሄዳ የራሷ አስመስላ ጠየቀች። የኔታ ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። ነቢዩ ሐሰተኛ እንዳይባል ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ አሏት። ትጠፋለች ያላት ከተማ ከዳነች ሰው ቃሉን ያቃልላል። ሌሎች ደግሞ ይህች ከተማ ኋላ የአገሩን ሰው እንደምታፈልስ አይቶ ነው ይላሉ። ጠላቱ ምሕረት ሲያገኝ ማየት ለማንም ቀላል እንዳልሆነም ጨመሩ። ከዚያ በላይ ልነግርሽ አልችልም፣ የቀረውን ራስሽ ማንበብ አለብሽ አሉ።

«ግእዝ አላውቅም፣ የኔታ።»

«ማን ከለከለሽ?»

ሰኞ ለክንዴ በኮሪደር ላይ ቆማ መልሱን አደረሰችለት። ክንዴ ሦስቱንም ሰምቶ፣ የመጨረሻውን ድገሚልኝ አላት። ደገመችለት። አመስግኗት ሄደ፤ ከዚያ በኋላም ስለዚህ ነገር አንሥቶባት አያውቅም።

አልጣሽ በየእሑዱ የኔታ ዘንድ መሄድ ጀመረች። ተማሪዎቻቸው ሴት አብራቸው ስትቀመጥ አጉረምርመው ነበር፤ የኔታ ግን በነፋሱ በኩል ወዳለው ድንጋይ ወስደው ለብቻዋ ያስተምሯት ጀመር። ሚስተር ኩሪያንም ሰኔ ላይ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ አብሯት ይመጣ ነበር። እሱ በሱርስት፣ የኔታ በግእዝ፣ አልጣሽ በሁለቱ መካከል በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየተመላለሰች፣ ስለ አንድ ቃል ብቻ እየተነጋገሩ ፀሐይ የምታዘቀዝቅባቸው ቀኖች ነበሩ።

ክረምቱ ሲገባ ዳባት ሄዳ ለአባቷ ግእዝ እየተማረች እንደሆነ ነገረቻቸው። አባቷ አላመኗትም፤ ካነበበችላቸው በኋላ ግን ከሣጥን የራሳቸውን ዳዊት አውጥተው ሰጧት።

መስከረም ላይ ተመልሳ ከየኔታ ጋር መጽሐፈ ነገሥትን ማንበብ ጀመሩ። አንድ ቀን እየተንተባተበች ስታነብ፣ የአሦር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ሊከብ በመጣበት ዘመን ጦር ይዞ ሊዋጋው የወጣ አንድ ንጉሥ ስም ላይ ደረሰች። ቲርሐቅ ይላል። ከሥሩ የአገሩን ስም አነበበችና ጣቷን እዚያው ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«የኔታ፣ ይህ የኢትዮጵያ ንጉሥ ይላል። ይህ ኢትዮጵያ የቱ ነው? የእኛው ነው ወይስ የኑብያ?»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እሱን ለማወቅ ሌላ መጽሐፍ ያስፈልገናል» አሉ። «አሁን የጀመርሽውን ጨርሺ።»

አልጣሽ ጣቷን ሳታነሣ ንባቧን ቀጠለች።