ጭብጨባ ያለበት ትምህርት

ውድነህ ከነጋ ጀምሮ እግሩ አልቆም ብሎታል። ሊባኖስ ውስጥ፣ ዶራ ሰፈር ካለችው የስልክ መጠገኛ ሱቁ ይወጣል፤ የታክሲ ቫኖቹ እስከሚቆሙበት ሄዶ ይመለሳል፤ ስልኩን ከፍቶ ቁጥሩን ያያል። አርባ አንድ ሴቶች ትምህርቱን ከፍተዋል። የጨረሰች ግን የለችም። ሁሉም ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ጥለውት ወጥተዋል።

ትምህርቱ በስልክ የሚላክ፣ የሦስት ደቂቃ ነው። አዲስ ለመጡ የቤት ሠራተኞች «አሞኛል፣ ሐኪም ጥሩልኝ» ማለትን በዓረብኛ ያስተምራል። ሥዕሉን ራሱ መርጦ፣ ድምፁን ራሱ ቀርጾ፣ ተማሪዋ ትክክለኛውን ሥዕል ስትነካ የሞቀ ጭብጨባ እንዲሰማ አድርጎ አንድ ወር ለፍቶበታል። የቤት ሠራተኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር እስከዳር ግን እስከ እሑድ ማታ አሥር ሴቶች ካልጨረሱት ሥራውን ዲፕሎማ ላላት ሊባኖሳዊት አስተማሪ እንሰጠዋለን ብላዋለች። ዛሬ እሑድ ነው።

ንቀቱ አዲስ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ስብሰባ ላይ እጁን ቢያወጣ ይህችው እስከዳር «አንተ ስልክህን ጠግን» ብላ አስቃበታለች። የሳቁትን ሴቶች መልክ እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ምን ሊያስተምረን ነው ብለው ካልተማከሩ በቀር፣ አርባ አንድ ሰው እንዴት አንድ ጥያቄ ላይ ይወጣል?

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሴቶች ዶራን ሲሞሏት አንድ ዘዴ መጣለት። በሱቁ በር የሚያልፉትን እየጠራ፣ የስልካቸውን ስክሪን መከላከያ በነጻ እየለጠፈ፣ ትምህርቱን እዚያው አስጨረሳቸው። ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ። ስምንት ሰዓት ሲሆን የጨረሱት ዘጠኝ ሴቶች ሞሉ። እስከዳር የምታየው ቁጥሩን እንጂ ቦታውን አይደለም። አንዲት ብቻ ቀረችው።

በዚህ መሐል መቅደላዊት መጣች። ሲን ኤል ፊል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር፣ ምላሷ የማይያዝ ልጅ ናት። ትምህርቱን ክፈቺው ሲላት አይታ ሳቀች።

«ይኼን የሠራኸው አንተ ነህ፣ ጋሽ ውድነህ? መስታወትን ስልኳን ያስቀማሃት አንተ ነሃ።»

መስታወት የመቅደላዊት ማዳም እህት ቤት የገባች አዲስ ልጅ ናት። ማክሰኞ ኩሽና ቆማ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብትመልስ ጭብጨባው ሳሎን ድረስ ተሰማ። ማዳሟ ስልኩን ነጥቃ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ሌሎቹም እንደዚሁ፣ ጭብጨባው ሲጮህባቸው ደንግጠው እየዘጉት ነው የወጡት።

«ድምፁን አትቀንሱትም?» አላት ደሙ እየፈላ።

«ብንቀንሰው አንተን አንሰማህማ። አንተ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ታንሾካሹካለህ፤ ጭብጨባው ደግሞ፣ ያኒ፣ ሠርግ ቤት ነው። የጆሮ ማዳመጫ እንዳትለኝ፤ ማዳሜ ስትጠራኝ ካልሰማሁ ኸላስ፣ አለቀልኝ።»

 ጭብጨባውን ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ከፍ ያደረገው ውድነህ ራሱ ነው። ለምን ቢባል አይናገርም።

«አሁን ግን ውጭ ነን፣ ምን ቸገረኝ። ልንካልህ?» ብላ ጣቷን አነሳች።

አሥር ሊሞላ ነው። የእስከዳር ፊት ሲጨማደድ ታየው፤ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ትምህርቱ በማግስቱ ለማኅበሩ ሦስት መቶ ሴቶች በሙሉ ሲላክ፣ በሦስት መቶ ኩሽና ውስጥ ሲያጨበጭብ ታየው።

«ተዪው» አላት።

ትምህርቱን ከማኅበሩ የስልክ ግሩፕ አጠፋው። ለእስከዳርም ጉድለት እንዳለበት፣ ዘጠኙም ሴቶች ሱቁ ውስጥ እንደጨረሱት ጻፈላት። መልሷ ወዲያው መጣ፤ እሺ፣ ለአስተማሪዋ እንሰጣለን የሚል ብቻ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ የለበትም። ይህንንም በቂሙ ላይ ጨመረው።

መቅደላዊት ልትሄድ ስትል በርጩማ ገፋላት። ለመስታወት ይቅርታ በይልኝ ማለት አማረው፤ አፉ እምቢ አለው።

«ቤት ውስጥ ስልክ የምትነኪው የት ሆነሽ ነው?»

«ቆሻሻ ሳወርድ፣ ሊፍት ውስጥ። አምስተኛ ፎቅ ነን። መብራት ከጠፋ ግን በደረጃ ነው፣ በሁለት እጄ ተሸክሜ።»

«ሊፍቱ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?»

ቆጥራው አታውቅም። ምን ሊያደርግልህ ነው አለችው። ውድነህ የተቀደደ ካርቶን ስቦ እስክሪብቶ ይፈልግ ጀመር።

«ትምህርቱን በእሱ ልክ ላሳጥረው ነው። ዛሬ ስትገቢ ቁጠሪና ላኪልኝ» አላት፣ የተጣላት ያህል ፊቱን አጨማዶ። «በደረጃውም ቁጠሪ።»