በአባቴ ስም የጻፍኩት

ሥራዬ በሰው ስም መጻፍ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ወደ አምስት ኪሎ ሲኬድ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻና አቤቱታ እጽፋለሁ። ባሏ የካዳት ሴት ትመጣለች፤ «እኔ አመልካች» ብዬ እጀምርላታለሁ። ጡረታው የዘገየበት ሽማግሌ ይመጣል፤ አሁንም «እኔ አመልካች»። አንዱን አስለቅሳለሁ፣ አንዱን አስቆጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፕሪንተሯን አጥፍቼ ቤቴ እገባለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስኖር ይህ ነገር አመል ይሆንብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባታችን ሐድጉ በግንቦት አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርሱን በልቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። አልታመመም፣ አልተኛም። በማግስቱ ቀበርነው። እህቴ ኢየሩስ ያኔ ቱርክ አገር፣ አንካራ ነበረች፤ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ የማጠቃለያ ፈተናዋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አጎታችን ጋሼ ገብረዮሐንስ ነገሩን ቆረጡት። «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ልጅቷ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ሆና ሰምታ ብትወድቅ ማን ይደግፋታል? ማንስ ውኃ ያቀምሳታል?»

ማንም አልተከራከረም። እኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ የሚመጣው ንጋት ላይ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቀኝና ግራውን የሚይዙት ዘመዶች አብረው ገብተው። እኔም አልተከራከርኩም። ለሰው ሁሉ የሚከራከር አፌ ለእህቴ ሲሆን ተዘጋ።

ችግሩ ኢየሩስ ለአባቴ በየቀኑ በቴሌግራም ትጽፍለት ነበር። ስልኩ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ለቀስተኛው ገና ሳይበተን «አባዬ፣ ምነው ከትናንት ጀምሮ ዝም አልክ?» የሚል መጣ። ትንሽ አየሁትና ጻፍኩ፦ «ጉሮሮዬን አሞኛል ልጄ። ሐኪሙ አትናገር ብሎኛል። አባትሽ።» አባቴ ደብዳቤ የሚጽፍ ይመስል መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «አባትሽ» ይል ነበር። ለቤተሰቡ «አባባ ጉሮሮውን ታሟል ብያታለሁ» አልኳቸው። እሱን ሆኜ እንደጻፍኩ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ጊዜ ብቻ መሆን ነበረበት። በየቀኑ ሆነ። አጻጻፉን አውቀዋለሁ፤ አጭር ነው፣ የጥያቄ ምልክት የለውም፣ ምክሩ ውስጥ እግዚአብሔር አይጠፋም። ኢየሩስ ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን ለእሱ ትነግረው ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደብቃ እንዳለቀሰች፣ አንድ አስተማሪ በቋንቋዋ እንደሚያፌዝባት። ሁሉንም መለስኩላት። እውነቱን ልናገርና፣ ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም። እሱን ሆኜ ስጽፍ አባቴ በቀን ለአምስት ደቂቃ ያህል አይሞትም ነበር። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ማን ሲጽፍላት እንደከረመ የምታውቅበትን ቀን።

ከእኔ በፊት ሁለቱ የተጻጻፉትን ግን ወደ ላይ ሄጄ አላነበብኩም። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው የሚል ትዕቢት ነበረኝ። በሟች ስም መጻፉን ነውር አላልኩትም።

ፈተናዋ አለቀ፤ አርባውም ተቃረበ። ጋሼ ገብረዮሐንስ «አርባው ሳይደርስ ትረዳ» አሉና ለዕዝራ ደወሉ። ዕዝራ የሠፈራችን ልጅ ነው፤ እሱም እዚያው አንካራ ይማራል። ከኢየሩስ ጋር አምስት ተማሪዎች ሆነው ለሦስት ቀን ኢዝሚር የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደው ሊዝናኑ ነበርና መርዶውን እዚያ ሊነግሯት ተስማሙ፤ ቤት ተከራይተው አንድ ላይ ያድራሉ፣ ሁለት ቀን አየር ታገኛለች፣ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሁሉም ተሰብስበው ያረዷታል።

ኢየሩስ ግን እምቢ አለች። «አባቴ ታሞ እኔ ባሕር ዳር ልንሸራሸር?» አለችው። ዕዝራ ጨንቆት ደወለልኝ። ስልኩን ዘጋሁና በአባቴ ስልክ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሂጂ ልጄ። እኔ ባሕሩን ስንት ጊዜ አይቼ ለእናንተ ሳላሳያችሁ ቀረሁ። ሂጂና እይልኝ። አባትሽ።»

አባቴ በወጣትነቱ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ኢየሩስም ሳትወለድ፣ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ። ስለ ባሕሩ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን። የት ጋ እንደምነካት አውቄ ነው የነካኋት፤ ሥራዬ ነው። «እሺ አባዬ፣ አንተ ካልክ» ብላ መለሰች።

በሦስተኛው ቀን ንጋት የሰኔ ዝናብ ጣራችንን ይደበድበዋል። የእነሱ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዕዝራ መርዶውን ከነገራት በኋላ ይደውልና ከእናቷ ጋር ታለቅሳለች ተብሏል። እናቴ ለተክርስቶስ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋሼ ገብረዮሐንስ አጠገቧ፤ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች በሩ ሥር። የእናቴ ስልክ መሐል ላይ ተቀምጦ ሁላችንም እሱን እናያለን።

የጮኸው ግን ኮቴ ኪስ ውስጥ ያለው የአባቴ ስልክ ነው።

አወጣሁት። ኢየሩስ ናት፣ በቪዲዮ። ጋሼ ገብረዮሐንስ «ነገሯት እንዴ?» አሉ። እኔም አላወቅኩም። እናቴ ስልኩን ሳይሆን እኔን እያየች «አንሳው» አለችኝ።

አነሳሁትና ካሜራውን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት።

«አባዬ፣ አትናገር» አለች ኢየሩስ። ፀጉሯ በነፋስ ተበትኗል፤ ትስቃለች። «ጉሮሮህ ይረፍ። ዝም ብለህ ብቻ እይ። እነ ዕዝራ ሳይነቁ ነው ሾልኬ የወጣሁት፣ ለብቻችን እንድናየው ብዬ። እይልኝ ብለህ አይደል የጻፍክልኝ? ይኸው።»

ስልኩን አዞረችው። ግራጫ ውኃ ነበር፤ ማለቂያ የለውም። ድምፁ ክፍላችንን ሞላው። ጥቁር የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ባሕር ያያሉ። እሷ ታወራለች፤ ውኃው በእጅ ሲነኩት እንደሚቀዘቅዝ፣ ቀምሳው እንዳንገሸገሻት፣ አንድ ቀን ይዛው እንደምትመጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ንጋቱ ተመልሶ ቢጨልም እወድ ነበር።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። አልተቆጣችኝም፤ አውራ ጣቴን ብቻ ከካሜራው ላይ አነሳችው።

ኢየሩስ ወደ ራሷ ስታዞረው እናቷን አየች። ጥቁሩን አየች። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እማዬ?»

«ጓለይ» አለች እናቴ፤ ስትጨነቅ በትግርኛ ነው ልጄ የምትለው። «ዕዝራ የት አለ?»

«ተኝቷል... እማዬ፣ ምን ለብሰሽ ነው?»

«ቁጭ በይ። አሸዋው ላይ ቁጭ በይ። ስልኩን እንዳትዘጊው።»

ጋሼ ገብረዮሐንስ በሌላ ስልክ ዕዝራ ላይ ሲጮኹ እሰማለሁ። እሱ ለካ ክፍሏን ባዶ ሲያገኘው ሌላ አቅጣጫ ሲፈልጋት ነበር። እናቴ ሰው እስኪደርስላት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ኢየሩስም ደግማ አልጠየቀችም። እናትና ልጅ በስልክ ተፋጠው ቀሩ፤ ያወቀች ይመስለኛል፣ ግን እንዳይነገራት ዝምታውን ታራዝማለች። በመጨረሻ ዕዝራ ባዶ እግሩን ሲሮጥ መጣና ትከሻዋን ያዘ። ሌሎቹም ከበቧት።

«አባትሽ ዐርፏል» አለች እናቴ።

ስልኩ አሸዋው ላይ ወደቀ። ሰማይ ብቻ ይታየን ነበር፤ ድምፅዋ ግን ይሰማል። ቤታችን እንደ መጀመሪያው ቀን እንደ አዲስ አለቀሰ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷ መልሳ ደወለች፤ ወደ እሱ ስልክ። እኔን ፈለገች።

«ሉሌ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰንጥቋል። «ማን ነው ሲጽፍልኝ የከረመው?»

ለተከሳሽ ሁሉ ማምለጫ ዓረፍተ ነገር አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ስድቧን ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ከየቱ ጀምሮ ነው አንተ?» አለችኝ። «ተቀምጬ እያነበብኩት ነው። ሁሉም አባትሽ ይላል። እሱን ልለየው አልቻልኩም፣ ሉሌ። የእሱን የመጨረሻ አሳየኝ።»

ወደ ላይ መሄድ ጀመርኩ። በእሱ ስም የመከርኩትን፣ የመረቅኩትን፣ ያባበልኩትን ሁሉ እያለፍኩ ሄድኩ፤ አያልቅም። ጉሮሮዬን አሞኛል የሚለው ጋ ደረስኩ። ከእሱ በላይ፣ ሰኞ ማታ የተጻፈ አንድ አለ።

«አንብብልኝ» አለች።

«ሉልሰገድ ሰሞኑን ከፍቶታል። ለእኔ አይነግረኝም። አንቺ ደውዪለት። አባትሽ።»

ከሥሩ የእሷ መልስ አለ፤ «እሺ አባዬ፣ ፈተናው ይለቅና» ይላል። እሱን አላነበብኩላትም። እሷም ስልኳ ላይ ፊት ለፊቷ አለላት።

«አልደወልኩልህም» አለች።

ከእሷ ወዲያ ባሕሩ ይሰማል።

«ምን ከፍቶህ ነበር?» አለችኝ።

ልነግራት ፈለግኩ። አባቴ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሐሳብ ሲከታተለኝ የነበረበትን ያን ሳምንት ቀን በቀን አሰብኩት፤ ክፍሌን፣ ደንበኞቼን፣ ቤት የገባሁበትን ሰዓት። ሠላሳ አምስት ቀን ብቻ ነው ያለፈው። አባቴ በሕይወት እያለ ምን አስከፍቶኝ እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ።