«አንብቤዋለሁ» ያለች ቢጫ ወረቀት

ሰው ሁሉ አብዶ ነበር። ፀጉር ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ የጥርስ ሐኪም ወረፋ ላይ ሳይቀር ወሬው ያ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም የወንጀል ልብ ወለድ ነበር። «ከጀመርሽው እንቅልፍ የለም» ይላሉ። መጽሐፍ ሻጯም እንደ ጉድ ቸበቸበችው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መደርደሪያው ሦስት ጊዜ ባዶ ቀረ።

ሱቁን ያወረሷት አባቷ የጀመሩት አንድ ልማድ አለ። ባለ ሱቁ እስከ መጨረሻው አንብቦ በወደደው መጽሐፍ ውስጥ በእጅ የተጻፈች ትንሽ ቢጫ ወረቀት ትገባለች፦ «አንብቤዋለሁ፤ አይቆጭዎትም።» አባቷ በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን በወረቀቷ አልዋሹም። እሷ ግን ገና ገጽ መቶ ስልሳ ላይ ሳለች ገበያው አጣደፋትና «ይሄ መቼም አያሳፍረኝም» ብላ ቢጫ ወረቀቶቹን ጻፈች። አንዷን ከነመጽሐፉ ለደንበኛዋ ለሰዓት ሠሪው ሰጠች።

ሰዓት ሠሪው ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የማታ ጓደኛቸው መጽሐፍ ነው፤ ያለ ቢጫ ወረቀት ግን አይገዙም። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ፤ የቀረችኝን በማይረባ ነገር አልጨርሳትም» ይሏት ነበር።

እሁድ ከሰዓት መጽሐፉን ጨረሰችው። ገዳዩ ማን ሆነ መሰላችሁ? የመጀመሪያው ሟች መንታ ወንድም! እስከ ገጽ ሦስት መቶ ሰባ ድረስ ስሙ ያልተነሳ፣ ከሰማይ ዱብ ያለ መንታ። መርማሪው ደግሞ ይህን የደረሰበት በህልሙ ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ አሥራ አንድ ሬሳ የተከመረው፤ የአንዲት ልጅ አስከሬን ሦስት ጊዜ እየተገላበጠ፣ ቁስሏ እየተቆጠረ የተተረከው ለዚህ ነው። ተነስታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች። ከመጽሐፉ ይበልጥ ያስጠላት ግን የገዛ እጅ ጽሑፏ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄደች። ማጉያቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው የተፈታታ ሰዓት ላይ አቀርቅረዋል።

«ጋሼ፣ ያን መጽሐፍ ጀመሩት?»

«ጨረስኩት።»

«በሌላ ልቀይርልዎት ነበር። ቆሻሻ ነው።»

«ነው» አሉ። «ሰው መቼም ቆሻሻ ይጽፋል፤ አዲስ ነገር አይደለም። አንቺ ግን አንብበሽው ነበር?»

ልትዋሽ አፏን ከፈተች። ማጉያውን አውልቀው ሲያዩዋት አልቻለችም።

«ግማሹን እንኳ አልደረስኩም ነበር» አለች። ፊቷ ጋለ።

«እኔ ሳልፈታ ‹ተሠርቷል› ብዬ የመለስኩት ሰዓት የለም» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ከመሳቢያቸው የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ቢጫ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከታች የአባቷ እጅ ጽሑፍ፣ ከላይ የሷ። ለካስ አንዷንም አልጣሉም። የላይኛዋን አንስተው የጠረጴዛቸው መስታወት ላይ አስቀመጡላት።

«ይቺን ውሰጃት። ከቀሩትም ያላነበብሻቸው ካሉ ለይተሽ አውጪልኝ።»

«ሌላ የለም ጋሼ» አለች።

እውነቷን ነበር። እሳቸው ግን ቆርቆሮውን ወደሷ ገፋ አድርገው ወረቀቶቹን እስክትለይ ጠበቁ።