ቃጭልና የበዓሉ ርችት

ውሻውን «ቃጭል» ብሎ የሰየመው የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ነው። ቡችላው ቤት በገባ በሳምንቱ፣ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ደንግጦ አልጋ ሥር ሲወሸቅ አይቶ፣ «ድሮስ አንቺ መች አነስሽ! በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ አሉ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ቀልዱ እውነት ነበረበት። ከአምስት ዓመት በፊት ባሏ ለሥራ በወጣበት የመኪና አደጋ ሲደርስበት፣ መርዶውን ይዘው የመጡት ሰዎች በሩን በኃይል አንኳኩተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ዱብ ይላል። ደንበኞቿ ይህን ስለሚያውቁ ልብስ ሊያስጠብቡ ወይም ሊያሳጥሩ ሲመጡ ከደጅ ሆነው «እኔ ነኝ!» ብለው ይጣራሉ እንጂ አያንኳኩም።

ባለፈው ዓመት በዓል ግን ጉድ ፈላ። ዘመድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ግር ብሎ ሲገባ ቃጭል አበደ። ሰው ላይ ዘለለ፣ ብርጭቆ የያዘውን ትሪ ደፋ፣ የአምስት ዓመት የልጅ ልጇን ገፍትሮ በጀርባዋ አስተኛት። ይህ ሳያንስ ውጭ ርችት ሲፈነዳ አጥር ዘሎ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከቆመ የጭነት መኪና ሥር፣ መዳፉ ደም በደም ሆኖ ተገኘ። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲባል ከአባቷ እግር ጀርባ ትደበቃለች።

ዘንድሮ በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው ልጇ፣ የልጅቷ አባት፣ ደወለ።

«እማዬ፣ ውሻው ካለ እኛ አንመጣም።»

«ታዲያ የት ይሂድልህ?»

«ለጥበቃ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።»

«እሱን ለጥበቃ? ሌባ ቢመጣ ከሌባው ቀድሞ ነው የሚሮጠው!»

ልጇ አልሳቀም። «እንግዲህ እስከ በዓሉ ጊዜ ስጠኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ቃጭልን ይዛ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ቃላቱን እየመረጠ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ነው።

«እናቴ፣ በዓሉ ለእኛ እንጂ ለእሱ በዓል አይደለም» አላት። «ለእሱ የማያውቀው ሰው መዓትና ፍንዳታ ነው። በዕለቱ ‹ተረጋጋ› ቢሉት አይሰማዎትም። ከአሁኑ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ያለማምዱት። የራሱ ቦታ ይኑረው። ድምፁን በትንሽ በትንሹ ያሰሙት፤ ዝም ሲል ይሸልሙት። ሲፈራ ደግሞ አይቆጡት።»

ከተረፈ የሱፍ ጨርቅ ወፈር ያለ ምንጣፍ ሰፍታ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አነጠፈችለት። በላዩ ላይ በተኛ ቁጥር የተቀቀለ ሥጋ ጣል ታደርግለታለች። በአራተኛው ቀን «ወደ ምንጣፍህ!» ስትለው ጅራቱን እየቆላ መሄድ ጀመረ።

የበሩ ነገር ግን ከባድ ሆነ። ጎረቤቷን፣ ጡረታ የወጡትን ጡሩምባ ነፊ፣ ለመነቻቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ በሬን ያንኳኩልኝ።»

«ማን አለና ነው የማንኳኳው?»

«እኔ አለሁ። ለውሻው ልምምድ ነው።»

ሽማግሌው በሩን የሰልፍ ዜማ እስኪመስል ደበደቡት። ቃጭል ቤቱን በጩኸት አናጋው፤ እሷም የአንገቱን ገመድ ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተችው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስቱም ያው። ሽማግሌው በመጨረሻ ገብተው ተቀመጡ።

«ካልተቀየምሽኝ አንድ ነገር ልበልሽ?»

«ይበሉ።»

«በመስኮቱ አየሁሽ። ሳንኳኳ ቀድመሽ የምትበረግጊው አንቺ ነሽ። እሱ የሚያየው አንቺን ነው። እኛ መድረክ ላይ ስንፈራ መጀመሪያ የሚከዳን ትንፋሻችን ነው፤ ስለዚህ ጡሩምባውን ከማንሳታችን በፊት አየሩን በደንብ እናወጣለን።»

ነገሩ ከነከናት። ያን ቀን ሙሉ አኮረፈች፤ የሙሽራ ቀሚስ ስትዘመዝም ጣቷን ሁለቴ ወጋች። በማግስቱ ግን ራሷ ሄዳ ጠራቻቸው። አሁን በአንድ ጣት ቀስ ብለው ያንኳኳሉ፤ እሷ ትንፋሿን እስከ መጨረሻው ታወጣና ገመዱን ላላ ታደርጋለች። ቃጭል በሩን ያያል፤ እሷን ያያል፤ ግራ ገብቶት ይተኛል። ሥጋው ከተፍ ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት የርችት ድምፅ ከስልኳ ላይ፣ ከዝንብ ጥዝጥዝታ ሳይበልጥ፣ እየበላ ሳለ ታሰማው ጀመር። ነገሩ ሲሰምርላት አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አደረገችው። ቃጭል እላዩ ላይ ሸንቶ ሁለት ቀን ወደ ምንጣፉ አልቀርብም አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት ቃጭልን እስኪደክመው ድረስ አዟዟረችው። እንግዶቿም ሁለት ሁለት እየሆኑ እንዲገቡ፣ ውሻውንም እንዳይጠሩት አስቀድማ ነግራቸው ነበር። ወንድሟ «ለውሻ ፕሮቶኮል ወጣለት!» እያለ ገባ። ቃጭል አንዴ ጮኸና እሷን አየት አደረጋት። ተነፈሰች። ሄዶ ተኛ።

ልጇም እያመነታ መጣ፤ የልጅ ልጇ ከአባቷ ትከሻ ላይ አልወርድም ብላ ቆየች። ከምሳ በኋላ ወርዳ ከሩቅ ቆመች።

«አያቴ፣ ለምንድን ነው የማያየኝ?»

«ፈርቶሽ ነዋ።»

«እኔን?» አለች ልጅቷ፤ ደረቷን ነፋ አድርጋ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።

ሲመሻሽ፣ ሳይታሰብ፣ ርችቱ ጀመረ። ቃጭል ተነስቶ መንቀጥቀጥ ያዘ። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ዘጋች፤ ሬዲዮውን ከፍ አደረገች፤ የበዓል ልብሷን እንደለበሰች ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። አልያዘችውም፤ ዝም ብላ ተነፈሰች። ጥቂት ቆይቶ ልጇ መጥቶ ከጎኗ ቁጭ አለ።

«እማዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «የአባዬ መርዶ የመጣ ቀን በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«የቤቴ በር ደወል ተበላሽቷል ብዬሽ አልነበር? አልተበላሸም። ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሚስቴም አታውቅም።»

ስቃ ልታልፈው ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት። እጁን ያዘች። ውጭ አሁንም ይፈነዳል፤ ሁለቱም አንዳንዴ ክው ይላሉ፤ ከዚያ አብረው ይተነፍሳሉ። ቃጭል አልሮጠም። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ምንጣፉ ላይ ተመልሶ ተጋደመና አገጩን በልጇ ጫማ ላይ አሳረፈ። ልጇም እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ እስኪደነዝዘው ድረስ፣ እንደዚያው ተቀመጠ።